ሰሌዳው ላይ አንድ ቃል፣ ክፍሉ ውስጥ አምስት ንባብ

ናይሮቢ፣ ኢስትሊ ሰፈር። የሁለተኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ነው እንበል። መምህርቷ ጠመኔ አንስታ ሰሌዳው ላይ ባለ ሦስት ፊደል ቃል ትጽፋለች፤ «ቦክስ»፣ ሣጥን። ከዚያም ወደ ተማሪዎቹ ዞራ አንብቡ ትላለች። ቤቷ ሶማሊኛ ማንበብ የጀመረች ልጅ የመጨረሻውን ፊደል፣ ኤክስን፣ ትግርኛ ተናጋሪዎች «ሐ» ሲሉ እንደሚሰማው አድርጋ ከጉሮሮዋ ታወጣዋለች። ሶማሊኛ በላቲን ፊደል ሲጻፍ የኤክስ ድምፅ ይኸው ነው። አጠገቧ የተቀመጠው፣ ከሞያሌ ማዶ የመጣው የኦሮሞ ልጅ «ቦጥ» ይላል፤ በቁቤ ኤክስ ማለት «ጥ» ነውና። የኪኩዩ እናት ያሳደገችው ልጅ ዝም ይላል፤ በእናቱ ቋንቋ ጽሕፈት ይህ ፊደል ጨርሶ የለም፣ በስዋሂሊም የለም። ከአዲስ አበባ በቅርቡ የመጣችው ልጅ ደግሞ ፊደሉን ለይታ ታውቀዋለች፤ ስሙን እንጂ ድምፁን አልነገሯትምና «ኤክስ» ብላ ትጨርሰዋለች።

የሲ ፊደል ይብሳል። ለሶማሊኛ አንባቢ «ዐ» ነው፤ ለኦሮምኛ አንባቢ «ጭ»፤ በኪኩዩ ወደ «ሽ» ወይም ወደ «ች» ይጠጋል። እንግሊዝኛ ራሱም አላረፈም፤ ድመትን ሲጽፍ «ክ» ያደርገዋል፣ ከተማን ሲጽፍ «ስ»።

እነዚህ ልጆች በፈተና ወረቀት ላይ ሁሉም ያው ዜሮ ያገኛሉ። ዜሮዎቹ ግን አንድ አይደሉም። ሶማሊኛና ኦሮምኛ ማንበብ የሚችሉት ልጆች ንባብ ገብቷቸዋል፤ የቀራቸው የጥቂት ፊደላትን ድምፅ መለወጥ ነው። በግዕዝ ፊደል ማንበብ የለመደችው ልጅ ሌላ እክል አለባት፤ ከ«በ» ውስጥ ተነባቢውን ከአናባቢው እንድትለይ ማንም ጠይቋት አያውቅም። ከጎናቸው ደግሞ በየትኛውም ቋንቋ አንድ ቃል አንብቦ የማያውቅ ልጅ አለ። እርሱን የቸገረው ራሱ ንባብ ነው፤ እንግሊዝኛው ገና ከኋላ ይመጣል። ለአራቱም አንድ ዓይነት ትምህርት መስጠት ለአራት በሽተኛ አንድ መድኃኒት እንደ ማዘዝ ነው።

የትምህርት ባለሙያዎች ለዚህ መፍትሔ ብለው የሚያቀርቡት የተማሪዎችን ልዩነት ያገናዘበ ማስተማር የሚባለውን ነው። ከስሙ ጋር አብራ የምትነሣው የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲዋ ካሮል አን ቶምሊንሰን ናት። በ1999 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመችው መጽሐፍ መምህሩ ይዘቱን፣ የማስተማሪያውን መንገድ፣ ተማሪው ማወቁን የሚያሳይበትን ሥራና የክፍሉን ድባብ እንደ ተማሪው ዝግጁነትና ፍላጎት እንዲለዋውጥ ትመክራለች። ሐሳቡ ያምራል። ሃያ ምናምን ተማሪና ረዳት መምህር ያለው ክፍል ውስጥ ደግሞ ይሠራል። ናይሮቢ ውስጥ በታችኛው አንደኛ ደረጃ አንድ ክፍለ ጊዜ 30 ደቂቃ ነው። ሰባ ልጅ ባለበት ክፍል መምህርቷ ለእያንዳንዱ ልጅ ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይደርሳትም። ስለዚህ «ለእያንዳንዱ ተማሪ የራሱ ትምህርት» የሚለው ምክር እንዳለ ሲነገራት፣ ምክር መሆኑ ቀርቶ ወቀሳ ይሆንባታል።

ለአማርኛ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይደለም። የቄስ ትምህርት ቤት ያየ ሰው ያውቀዋል። አንድ ዛፍ ሥር አንዱ ፊደል ይቆጥራል፤ ሌላው አቡጊዳ ላይ ነው፤ ወዲያ ማዶ መልእክተ ዮሐንስ ይነበባል፤ ከፍ ያለው ዳዊት ይደግማል። የበሰለው ለጀማሪው ያስቆጥራል፤ የኔታ ሁሉንም ባንድ ጆሮ ይሰማሉ፣ ሲሳሳቱም ያርማሉ። እዚያ ስንተኛ ክፍል ነህ ተብሎ አይጠየቅም፤ የት ደረስክ ነው ጥያቄው። አለንጋውን አልረሳሁትም፤ ማመስገኔም ለአለንጋው አይደለም። ልጁ ያለበትን ቦታ አውቆ ከዚያ መነሣት ግን ለእኛ ከውጭ የመጣ ዕውቀት አይደለም። ያጠፋነው ዘመናዊው ትምህርት ቤት ልጆችን በዕድሜ ደርድሮ፣ ባንድ ደወል ባንድ ገጽ ላይ ሲያስቀምጣቸው ነው።

ኬንያ ከእንግሊዝኛ ጋር ያላት ታሪክ ረጅምና ወላዋይ ነው። በ1957 ናይሮቢ ውስጥ ልዩ ማዕከል ተቋቁሞ፣ መጀመሪያ የሕንድ ተወላጆች ልጆች በሚማሩባቸው ትምህርት ቤቶች እንግሊዝኛን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የማስተማሪያ ቋንቋ የማድረግ ሙከራ ተጀመረ። «አዲሱ የአንደኛ ደረጃ አቀራረብ» ተባለ። በቡድን ሥራና በእንቅስቃሴ የተሞላ፣ ለጊዜው እጅግ ዘመናዊ ዘዴ ነበር። ከነጻነት በኋላ በ1964 የኦሚንዴ ኮሚሽን እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ይጀምር ብሎ ደገፈው። ክፍሎቹ ግን ለዘዴው ከሠለጠኑት መምህራን በፈጠነ ፍጥነት ተባዙ፤ ጥቂት በሚገባ የተደገፉ ክፍሎች ውስጥ ያማረው ነገር ሲበዛ ሳሳ። በ1976 የጋቻቲ ኮሚሽን አቅጣጫውን ቀየረ፤ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ልጆች በአካባቢያቸው ቋንቋ፣ የተለያየ ሕዝብ በሚኖርባቸው ከተሞች ደግሞ በስዋሂሊ ይማሩ፣ ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ ወደ እንግሊዝኛ ይሻገሩ አለ። መመሪያው ዛሬም በመሠረቱ ይኸው ነው።

ናይሮቢ ላይ ይህ መመሪያ ይጨንቀዋል። የአካባቢው ቋንቋ የትኛው ነው? ሉዎው፣ ካምባው፣ ኪኩዩው፣ ሶማሌው፣ ሐበሻው አንድ ፎቅ ላይ ይኖራል። ልጆቹ ሜዳ ላይ የሚጫወቱት ደግሞ ስዋሂሊንና እንግሊዝኛን ከሌሎች ጋር በደባለቀው በሼንግ ነው። ወላጆች ልጃቸው ቶሎ እንግሊዝኛ እንዲናገር ስለሚፈልጉ ብዙ ትምህርት ቤት ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ ወደ እንግሊዝኛ ይገባል። ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳቡም ሳይንሱም በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ እንግሊዝኛ ያልያዘ ልጅ የሚያጣው አንድ ትምህርት ብቻ አይሆንም።

በጥር 2003 የኪባኪ መንግሥት የአንደኛ ደረጃ ትምህርትን ነጻ አደረገ። የተማሪው ቁጥር ከ5.9 ሚሊዮን ገደማ ወደ 7.2 ሚሊዮን አሻቀበ። በናይሮቢ ድሆች ሰፈሮች አንድ ክፍል መቶ ልጅ መያዝ ጀመረ። በዓመቱ ኤልዶሬት አጠገብ ኪማኒ ማሩጌ የሚባሉ የ84 ዓመት አዛውንት ዩኒፎርም ለብሰው አንደኛ ክፍል ገቡ፤ በጊነስ መዝገብም ሰፈሩ። ከ2007ቱ ምርጫ በኋላ የተነሣው ግጭት አፈናቅሏቸው ናይሮቢ ባለ የአረጋውያን መኖሪያ ሲገቡ፣ እዚያም ትምህርታቸውን ቀጠሉ። ዓለም የማሩጌን ታሪክ የወደደው ለጽናታቸው ነው። ለመምህር ግን ሌላ ነገር ይናገራል፤ ዕድሜና የንባብ ደረጃ ምን ያህል ሊራራቁ እንደሚችሉ።

የኬንያ ጉዳይ በዓለም የትምህርት ጥናት ውስጥ ትልቅ ቦታ የያዘው በመጽሐፍ ምክንያት ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ በምዕራብ ኬንያ ቡሲያና ቴሶ አንድ ግብረ ሠናይ ድርጅት ለትምህርት ቤቶች መማሪያ መጽሐፍ አደለ። ለብዙ ልጅ አንድ መጽሐፍ በነበረበት አገር ይህ ውጤት አያመጣም ብሎ የሚከራከር አልነበረም። ፖል ግሌዌ፣ ማይክል ክሬመርና ሲልቪ ሙላን መጽሐፍ ያገኙትን ካላገኙት ጋር ሲያነጻጽሩ አማካይ ውጤቱ ንቅንቅ አላለም። የተጠቀሙት ቀድሞውኑ ጎበዝ የነበሩት ብቻ ነበሩ። መጽሐፎቹ በእንግሊዝኛ ነበሩ፤ ለብዙዎቹ ልጆች ደግሞ እንግሊዝኛ ሦስተኛ ቋንቋ ነው። ሥርዓተ ትምህርቱ የተቀረጸው ለከተማ ልጅና ለጎበዝ ተማሪ ነበር፤ አብዛኛው ልጅ የተሰጠውን መጽሐፍ ማንበብ አልቻለም። እኔ በዚህ ርእስ ካነበብኩት ሁሉ የዚህን ያህል የከነከነኝ የለም። መጽሐፍ ለሁሉም እኩል ሰጥቶ ልዩነትን ማስፋት ይቻላል ማለት ነው።

የልጆቹ ደረጃ በእርግጥ የት እንዳለ አገር ያወቀው በ2009 በተጀመረው፣ ኡዌዞ በተባለው ምዘና ነው። ፈቃደኞች ቤት ለቤት እየዞሩ ከልጅ አጠገብ ቁጭ ይላሉ፤ አንድ ወረቀት ላይ ፊደላት፣ ቃላት፣ አንድ አንቀጽና አንድ አጭር ታሪክ አለ፤ ሁሉም ከሁለተኛ ክፍል ደረጃ አያልፍም። ልጁ እስከቻለበት ያነብባል፣ ፈታኙ ያቆመበትን ይመዘግባል። ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። የመጀመሪያው ሪፖርት ከሦስት የሁለተኛ ክፍል ልጆች ለደረጃቸው የተዘጋጀውን አንቀጽ ማንበብ የቻለው አንዱ ገደማ ብቻ መሆኑን ሲገልጥ ኬንያ ደነገጠች። ከአሥር ዓመት በኋላም፣ በ2021 በተደረገው ምዘና፣ ለሦስተኛ ክፍል የሚመጥን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ማንበብ የቻሉት የአራተኛ ክፍል ተማሪዎች ከአምስቱ ሁለቱ ገደማ ናቸው። እያንዳንዷ የናይሮቢ መምህርት ክፍሏ ውስጥ የሚጠብቃት ይህ ነው፤ በእጇ ያለው መጽሐፍ ግን ሁሉም ደርሷል ብሎ ይጀምራል።

ታዲያ በደረጃቸው ብንለያያቸውስ? ይህም ኬንያ ውስጥ ተሞክሯል። በ2005 ተጨማሪ የኮንትራት መምህር ያገኙ 121 ትምህርት ቤቶች አንደኛ ክፍላቸውን ለሁለት ከፈሉ፤ ግማሾቹ በዕጣ፣ ግማሾቹ በልጆቹ መነሻ ውጤት። ከ18 ወር በኋላ በውጤት የተከፈሉት ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ከሌሎቹ በለጡ፤ ጎበዞቹም ደካሞቹም። አስቴር ዱፍሎ፣ ፓስካሊን ዱፓስና ማይክል ክሬመር በ2011 ያሳተሙት ይህ ጥናት ብዙ ሰው ያስደነቀው ደካሞቹን አንድ ላይ መሰብሰብ ይጎዳቸዋል የሚለውን እምነት ስለተቃረነ ነው። መምህሩ ከፊቱ ያሉት ልጆች ተቀራራቢ ሲሆኑለት የሚያስተምረውን ለእነርሱ ልክ አደረገው። ጥናቱ አንድ የማያስደስት ነገርም አሳየ፤ የመንግሥት ቅጥር መምህራን ክፍል ገብተው በመገኘት ረገድ ለጎበዞቹ ክፍል ይተጉ ነበር። ክፍልን ለዓመት መክፈል አደጋው እዚህ ላይ ነው። ደካማ የተባለው ክፍል ስሙ ይጣበቅበታል፤ መምህር ይሸሸዋል፣ ልጁም ራሱን በዚያ ስም ይጠራል።

ከዚህ የተሻለው መንገድ ከሕንድ መጣ። ፕራታም የሚባለው ድርጅት ያዳበረውና «በትክክለኛው ደረጃ ማስተማር» የተባለው ዘዴ ክፍልን አይከፍልም፤ ቀንን ይከፍላል። ከቀኑ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ላይ ከሦስተኛ እስከ አምስተኛ ያሉ ልጆች የክፍል ቁጥራቸው ይረሳና ፊደል ላይ ያለው ከፊደል ጓደኞቹ፣ ቃል ላይ ያለው ከቃል ጓደኞቹ፣ አንቀጽ የደረሰው ከአንቀጽ ጓደኞቹ ጋር ይቀመጣል። ከሳምንታት በኋላ እንደገና ይመዘናሉ፣ ያለፈው ወደ ላይ ይወጣል። መቀመጫው የማንም ርስት አይደለም። በናይሮቢ የሚገኘው ዚዚ አፍሪክ ይህንኑ ዘዴ በቱርካና፣ በታና ሪቨርና በሌሎች ወረዳዎች ሲያስፋፋ ቆይቷል። የኔታ ቢያዩት ይስቁ ነበር፤ እርሳቸው ሲያደርጉት የነበረው ነው።

ነገሩ ግን ይህን ያህል ቀጥተኛ ቢሆን ኖሮ ክርክር ባልኖረ። ኬንያ በአገር አቀፍ ደረጃ ከፍተኛ ለውጥ ያየችበት ፕሮግራም፣ ከ2015 ጀምሮ ከሃያ ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች የገባው ቱሶሜ፣ የሠራው በተቃራኒው ነው። ስሙ በስዋሂሊ «እናንብብ» ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ መጽሐፍ፣ ለእያንዳንዱ መምህር ከቀን ቀን የተጻፈ የትምህርት ዕቅድ፣ ክፍል እየገባ የሚከታተልና ታብሌት የያዘ አማካሪ። መጀመሪያ መምህሩ ያነባል፣ ቀጥሎ አብረው ያነባሉ፣ በመጨረሻ ልጆቹ ብቻቸውን። ሁሉም ባንድ ገጽ ላይ። እንደዚሁም በ2009 ሙኩሩ በሚባለው የናይሮቢ ድሆች ሰፈር የመጀመሪያ ትምህርት ቤቱን የከፈተው ብሪጅ የተባለው የግል ድርጅት መምህራኑ ከታብሌት እያነበቡ እንዲያስተምሩ ያደርጋል። ክሬመርና ባልደረቦቹ በ2022 ባወጡት ጥናት የነጻ ትምህርት ዕጣ የደረሳቸው የብሪጅ ልጆች በሁለት ዓመት ውስጥ ዕጣ ካልደረሳቸው ብዙ ቀድመው ተገኙ።

ታዲያ አንድ ገጽ ይሻላል ወይስ ሦስት ቡድን? እኔ ሁለቱ የሚጣሉ አይመስለኝም። መጽሐፍ በሌለበት፣ መምህር በሚቀርበት፣ ትምህርቱ በሰሌዳ ግልባጭ በሚያልቅበት ቦታ የተጻፈ ዕቅድ ወለሉን ያነሣል። ቱሶሜም ቢሆን አማካሪው ከክፍሉ ጥቂት ልጆችን ለይቶ ሲያነቡ እንዲሰማ ማድረጉ የት ናቸው የሚለውን ጥያቄ ሳይጠይቅ እንዳላለፈ ያሳያል። ዕቅዱ የማይችለው ግን ኤክስን «ጥ» ብሎ ያነበበውን ልጅ መስማት ነው። እርሱን የሚሰማው ሰው ነው። ወለሉ ከተነሣ በኋላ የሚቀረው ሥራ የመምህሩ ጆሮ ነው።

መንግሥት ይህን በወረቀት አምኗል። ከ2017 ሙከራ በኋላ በ2019 በስፋት የተጀመረው በብቃት ላይ የተመሠረተው ሥርዓተ ትምህርት መፈክሩ የእያንዳንዱን ተማሪ ዕምቅ ችሎታ ማጎልበት ነው። ተማሪው በደረጃ ፈንታ ከሚጠበቀው በላይ፣ በሚጠበቀው፣ ወደሚጠበቀው የተቃረበ፣ ከሚጠበቀው በታች ተብሎ ይመዘናል። ጥሩ ነው። ሆኖም ሰባ ልጅ ላላት መምህርት ይህ ሰባት ትምህርት ሲባዛ በሰባ ልጅ የሚሞላ ቅጽ ነው። ቅጹን ስትሞላ የምታመሸው መምህርት ልጁን ለማስነበብ የሚተርፋት ጊዜ ያንሳል።

ሰባ ልጅ ባለበት ክፍል የሚሠራው ቀላሉ ነው። አንድ አጭር ታሪክ ለሁሉም ይነበባል። ገና ፊደል ላይ ያሉት ከታሪኩ አምስት ቃል ፈልገው ያሰምሩበታል፤ መካከለኞቹ «ልጁ ወደ ገበያ የሄደው...» ብሎ የተጀመረ ዓረፍተ ነገር ይጨርሳሉ፤ የቀደሙት መጨረሻውን ለውጠው ይጽፋሉ። ሦስት ሥራ፣ አንድ ታሪክ፤ መምህርቷ ሦስት ዕቅድ አላወጣችም። ልጆቹ መልሱን መጀመሪያ በቤታቸው ቋንቋ ወይም በሼንግ ከጎናቸው ካለው ጋር ይነጋገሩበታል፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ ይናገራሉ። ኢስትሊ ላይ ሁለት የኦሮሞ ልጆችን አንድ ላይ ማስቀመጥ ለወሬ እንደ ማመቻቸት መታየት የለበትም፤ አንዱ ለሌላው መዝገበ ቃላት ነው። በየቀኑ አምስት ልጆችን ብቻ ለብቻ ማስነበብ ደግሞ ሰባውን በሦስት ሳምንት ውስጥ ያዳርሳል።

በብዙ ሥልጠና ላይ አሁንም የሚነገር አንድ ነገር ግን ቢቀር እላለሁ፤ ልጆችን በዓይን የሚማር፣ በጆሮ የሚማር፣ በእጅ የሚማር ብሎ መፈረጅ። ሃሮልድ ፓሽለርና ባልደረቦቹ በ2008 ማስረጃውን አበጥረው ሲያበቁ፣ ልጅን በዚህ ዓይነት ፍረጃ ለይቶ ማስተማር እንደሚጠቅም የሚያሳይ በቂ ማስረጃ አላገኙም። የሚለያየው ልጁ የሚያውቀው ነገር ነው፤ ጊዜ ያነሰው መምህር ጊዜውን እዚያ ላይ ያውል።

ሌላው እንቅፋት ሳቅ ነው። የናይሮቢ ልጆች አንድ ሰው እንግሊዝኛን በእናቱ ቋንቋ ቅላጼ ሲናገር «ሽራብ አደረገ» ብለው ያፌዙበታል። ኪኩዩው «ኤል»ን ከ«አር» ሲያምታታ፣ ሉዎው «ሽ»ን «ስ» ሲያደርግ፣ የእኛዎቹ ደግሞ «ስኩል»ን «ኢስኩል» ሲሉ ክፍሉ ይስቃል። በዚህ አገር ነገሩ ሥር አለው። ደራሲው ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ በ1986ቱ መጽሐፉ እንደጻፈው፣ በልጅነቱ በትምህርት ቤት አጥር ግቢ ኪኩዩ ሲናገር የተገኘ ልጅ ይገረፍ ወይም የሚያዋርድ ጽሑፍ ያለበት ሰሌዳ አንገቱ ላይ ይንጠለጠልበት ነበር። የሚፈራ ልጅ አይናገርም፤ ያልተናገረን ልጅ ደረጃ ማወቅ አይቻልም። ሳቁን የማታስቆም መምህርት የቡድን አደረጃጀቷ ቢያምርም ከንቱ ነው።

የእኛ ስደተኛ ልጆች ዋጋ የሚከፍሉት በክፍል ምደባ ነው። ከኢትዮጵያ ስድስተኛ ክፍል ጨርሶ የመጣ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ እንግሊዝኛውና ስዋሂሊው አነሰ ተብሎ ከስምንትና ከዘጠኝ ዓመት ልጆች ጋር መቀመጡ የተለመደ ነው። ሒሳቡን ያውቀዋል፤ ጥያቄውን ነው ማንበብ ያቃተው። ይህ ልጅ የሚያስፈልገው የዕድሜ እኩዮቹ ክፍል ውስጥ ሆኖ በቀን አንድ ሰዓት የእንግሊዝኛ ንባብ ብቻ ከደረጃ ጓደኞቹ ጋር መማር ነው። ሦስት ዓመት ወደ ኋላ መመለሱ የሚያስተምረው ነገር ትምህርት ቤት ለእርሱ እንዳልሆነ ነው፤ ብዙዎቹም ይህን ተምረው ወደ ሥራ ይወጣሉ።

አገር ቤትም ቢሆን ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ይሰጣል፤ ሁለተኛ ደረጃ ሙሉ በሙሉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ስድሳና ሰባ ተማሪ ያለበት ክፍል ለማንም ብርቅ አይደለም። የአንድ ለአምስት አደረጃጀታችን በሐሳቡ ከቡድን ትምህርት አይርቅም ነበር። የገደለው ሁለት ነገር ነው፤ ቡድኑ ዓመቱን ሙሉ አለመለወጡና ጎበዙ ለአምስቱ ሠርቶላቸው መሄዱ። ከኬንያ ልንወስድ የሚገባን ተለዋዋጩን ቡድንና ያችን አንድ ገጽ ምዘና ነው። መምህራን ሆይ፣ በአዲሱ ዓመት የመጀመሪያ ሳምንት መጽሐፉን ከመክፈታችሁ በፊት እያንዳንዱን ልጅ አንድ አንቀጽ አስነብቡ። ወላጆችም ቤት ውስጥ ሞክሩት፤ ልጃችሁን ስንተኛ ወጣህ ብላችሁ ከምትጠይቁ ከሁለተኛ ክፍል የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አንድ ገጽ ሰጥታችሁ ስሙት። የትምህርት ቢሮዎች ደግሞ ለሚቀጥለው መጽሐፍ ኅትመት ገንዘብ ከመመደባቸው በፊት፣ ከትምህርት የጊዜ ሰሌዳው ላይ በቀን አንድ ሰዓት ለደረጃ ንባብ ይልቀቁ።